ስልኩ ዘመነ፤ ማሳውስ?

«ስማርት ግብርና» የሚለው ቃል የስብሰባ አዳራሽ ማሞቂያ ከሆነ ሰንበትበት ብሏል። ድሮን፣ ሴንሰር፣ ሳተላይት፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት... አንዱ ተናጋሪ ሲጀምረው ሌላው ይቀበለዋል። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ ላይ የጸደቀው «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» ስትራቴጂም ለግብርና ሰፊ ቦታ ሰጥቶታል። ዓላማው የሚነቀፍ አይደለም። በትንሽ ውሃና በተመጠነ ማዳበሪያ፣ አፈሩ ሳይጎዳ፣ ብዙ ማምረት ነው። ይህን የሚጠላ ማን አለ?

ጥያቄው ወዲህ ነው። ይህ ሁሉ ቴክኖሎጂ የሚያርፈው ምን ላይ ነው? ማሳው ከሁለት ዓመት በኋላ በእጁ ይኑር አይኑር የማያውቅ አርሶ አደር ስልኩ ቢዘምን ምን ይፈይድለታል?

መልሱን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከአዲስ አበባ በታክሲ የሚደረስባቸው ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ይበቃሉ።

🔹 አንድ አጥር፣ ሁለት ዘመን

ከሰበታ በጅማ መንገድ ወደ ተፍኪ፣ ከቡራዩ ደግሞ በአምቦ መንገድ ወደ ሆለታ የወጣ ሰው በላስቲክ የተሸፈኑ የአበባ እርሻዎችን ያያል። አብዛኞቹ የመጡት በ1990ዎቹ ነው። እዚያ ውስጥ ውሃ በጠብታ መስኖ ተለክቶ ከየተክሉ ሥር ይደርሳል። ማዳበሪያው ከውሃው ጋር ተበጥብጦ ይሄዳል። የውሃው አሲዳማነትና የጨው መጠን በመሣሪያ ይለካል። መቼና ምን ያህል ይጠጣ የሚለውን ብዙ ጊዜ የሚወስነው ኮምፒውተር ነው።

ከአጥሩ ወዲህ ጤፍ፣ ስንዴ፣ ሽምብራና ጓያ አለ። በሬ፣ ሞፈርና ማረሻ አለ። ውሃው ከሰማይ ነው፤ የማዳበሪያው መጠን ደግሞ በልምድና በተገኘው ልክ።

ስለዚህ «ቴክኖሎጂው ገና አገር ውስጥ አልገባም» የሚለው አባባል ከእውነት የራቀ ነው። ከ20 ዓመት በፊት ገብቷል። የገባው ግን እስከ አጥሩ ድረስ ብቻ ነው። ለምን? ብዙዎች የሚቸኩሉበት መልስ «አርሶ አደሩ ስላልተማረ» የሚል ነው። ይህ መልስ ለተናጋሪው ይመቸዋል እንጂ ትክክል አይደለም። በአጥሩ ውስጥ ቧንቧውን የሚዘረጉት፣ ማጣሪያውን የሚያጥቡት፣ አበባውን የሚቆርጡት እኮ የዚያው አካባቢ ልጆች ናቸው። አሠራሩን ያውቁታል።

ልዩነቱ ዋስትና ነው። አበባው በውጭ ምንዛሬ ይሸጣል። መሬቱ የዓመታት ውል አለው። በውሉ ብድር ይገኛል፤ ብድሩ መሣሪያ ይገዛል፤ መሣሪያው ወጪውን እስኪመልስ የሚታገሥበት ጊዜ አለ። ከአጥሩ ወዲህ ያለው አርሶ አደር ከነዚህ አንዱም በእርግጠኝነት የለውም። ቴክኖሎጂ ዕውቀት ባለበት ብቻ አይሄድም፤ ዋስትና ወዳለበት ነው የሚያዘነብለው።

🔹 የሠራውስ የቱ ነው?

ነገሩ ሁሉ ከንቱ ነው ማለት ግን አይደለም። እዚችው አገር ውስጥ በትክክል የሠሩ ነገሮች አሉ። እነሱን በቅጡ ማየት ከብዙ ስላይድ ይሻላል።

አንደኛው 8028 ነው። በ2006 ዓ.ም. የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ (ዛሬ ኢንስቲትዩት ተብሏል) ከግብርና ሚኒስቴር፣ ከኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩትና ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር የከፈተው ነፃ የስልክ መስመር ነው። አርሶ አደሩ ይደውላል፣ ቋንቋውንና ሰብሉን ይመርጣል፣ ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ አረም የተቀዳ ምክር ይሰማል። ኢንተርኔት አይፈልግም። ማንበብ መቻልን አይጠይቅም። በትንሿ ባለ ቁልፍ ስልክ ይሠራል። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች ደውለውበታል። የሚያምር መተግበሪያ ሠርቶ «አውርዱ» ከማለት ይልቅ አርሶ አደሩ እጅ ላይ ካለው ስልክ መነሳቱ ነው ያሠራው።

ሁለተኛው የስንዴ ዋግ ማስጠንቀቂያ ነው። በ2003 መኸር ቢጫ ዋግ ከ600 ሺህ ሄክታር በላይ የስንዴ ማሳ አጥቅቶ ነበር። ብዙም ሳይቆይ በ2006 የግንድ ዋግ መጣና «ዲገሉ» የተባለውን ብዙዎች የሚዘሩትን የስንዴ ዝርያ ደቆሰው። ከዚያ በኋላ የአገር ውስጥ ተመራማሪዎች ከዓለም አቀፉ የበቆሎና ስንዴ ማሻሻያ ማዕከል (ሲሚት)፣ ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲና ከእንግሊዝ የሜትሮሎጂ ተቋም ጋር ሆነው አንድ ሥርዓት አቆሙ። ባለሙያዎች ማሳ ለማሳ ዞረው ያዩትን በስልክ ይመዘግባሉ። የነፋሱ አቅጣጫና የአየሩ እርጥበት ከዚህ መረጃ ጋር ተደምሮ የበሽታው ብናኝ በቀጣዩ ሳምንት ወዴት ሊበተን እንደሚችል ይሰላል። ውጤቱ በግብርና ባለሙያዎችና በስልክ መልእክት ወደ ታች ይወርዳል።

ዋግ ከታየ በኋላ የሚመጣ ምክር ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ቀድሞ የደረሰ አንድ መልእክት ግን ሁለት ጥቅም አለው። ሰብል ያድናል፤ አደጋ በሌለበት ደግሞ አላስፈላጊ የኬሚካል ርጭት ያስቀራል። አፈርንና ውሃን መጠበቅ ማለት ይኼ ነው።

ሦስተኛው የአፈር ካርታው ነው፤ ትምህርቱም ከሁሉ ይበልጣል። ለዓመታት ምክሩ በየትኛውም አፈር አንድ ነበር፤ በሄክታር 100 ኪሎ ዳፕና 100 ኪሎ ዩሪያ። ቆላ ደጋ፣ ቀይ ጥቁር ልዩነት አልነበረውም። በ2004 የተጀመረው የአፈር መረጃ ሥርዓት ፕሮጀክት (ኢትዮሲስ) በሺህ የሚቆጠሩ የአፈር ናሙናዎችን ሰብስቦ ከሳተላይት መረጃ ጋር አቀናጀና ሰልፈር፣ ቦሮን፣ ዚንክም ይጎድላል አለ። ዳፕ ቀርቶ ኤንፒኤስ መጣ። ቅይጥ ማዳበሪያ የሚያዘጋጁ ፋብሪካዎች ተተከሉ፤ አንዱ ከሰበታ በጅማ መንገድ ሲወርዱ በሚገኘው ቱሉ ቦሎ ነው።

በኋላ በየማሳው የተካሄዱ ሙከራዎች ግን ነገሩን አወሳሰቡት። በአብዛኛው ቦታ ምርቱን ይዘው የሚጎትቱት አሁንም ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ናቸው፤ ለሌሎቹ የሚሰጠው ምላሽ ከቦታ ቦታ ይለያያል የሚል ውጤት ተደጋገመ። ይህ ኪሳራ አይደለም፤ ሳይንስ የሚሠራው እንዲህ ነው። ለስማርት ግብርና አፍቃሪዎች ግን ማስጠንቀቂያ ነው። ካርታ ማሳን አይተካም። ከላይ የተሳለ ነገር ሁሉ ከታች ተዘርቶ፣ ታጭዶ፣ ተመዝኖ መረጋገጥ አለበት።

🔹 ሰማይ ላይ ያለችው ላም

የአውሮፓ ሳተላይቶች በየአምስት ቀኑ እያንዳንዱን ማሳ ያነሳሉ። ፎቶው ነፃ ነው። አንዱ ነጥብ 10 ሜትር በ10 ሜትር ይሸፍናል። ሩብ ሄክታር መሬት ያለው ሰው ማሳው በ25 ነጥቦች ይታያል ማለት ነው። ከነዚህ ውስጥ ዳር ዳር ያሉት ከጎረቤቱ ማሳ ጋር ይደባለቃሉ። ለአሜሪካ የበቆሎ ሜዳ የተሠራ መሣሪያ እዚህ ሲመጣ ዓይኑ የሚፈዘው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላም ጣጣ አለ። የሸዋ ዋናው የሰብል ወቅት ክረምት ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሰማዩ በደመና ይሸፈናል። ሰብሉ በጣም መታየት ባለበት ጊዜ ሳተላይቱ የሚያነሳው ደመና ነው። በደመና ውስጥ የሚያይ የራዳር ሳተላይት አለ፤ ምስሉን ፈትቶ «ማሳህ እንዲህ ሆኗል» የሚል ባለሙያ ግን ያስፈልጋል። ያ ባለሙያ በቀበሌው ከሌለ ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው።

ለመሆኑ የእነዚህ ሦስት ከተሞች ዙሪያ አፈር የሚጠይቀው ምንድነው? ሁለት ነገር ነው።

በሰበታ ወደ በቾ ሜዳ፣ በሱሉልታም ረባዳው ላይ ያለው ጥቁር ዋልካ አፈር ነው። በአገሪቱ ወደ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር እንደሚሆን ይገመታል። በክረምት ውሃ ያቁራል፣ በበጋ ይሰነጣጠቃል። ውሃ በተኛበት ዋልካ ላይ የተበተነ ዩሪያ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። አየር ባጣው አፈር ውስጥ ያሉ ረቂቅ ነፍሳት ናይትሮጅኑን ወደ ጋዝ ይለውጡታል። ከሚወጡት ጋዞች አንዱ ናይትረስ ኦክሳይድ ነው፤ ምድርን የማሞቅ ኃይሉ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 270 ጊዜ ያህል ይበልጣል። አርሶ አደሩ በብድር የገዛው ማዳበሪያ ስንዴውን ሳይመግብ ሰማይ ይወጣል። ኪሳራው የሱም፣ የዓለምም ነው።

መፍትሔው ሴንሰር ሳይሆን ቦይ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ መቀመጫውን አዲስ አበባ ያደረገው የዓለም አቀፍ የእንስሳት ማዕከል (ኢልካ) ከአገር ውስጥ ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ ሁለት የአገር ማረሻዎችን በማያያዝ ሰፋፊ መደብ የሚያወጣ መሣሪያ ሠራ። 80 ሳንቲ ሜትር መደብ፣ 40 ሳንቲ ሜትር ቦይ። የሚጎትተው ያው ጥማድ በሬ ነው። ውሃው ሲጠነፈፍ ስንዴ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ሳይጠበቅ ቀደም ብሎ ይዘራል። እሱ ሲነሳ በቀረው እርጥበት ሽምብራ ወይም ጓያ ሊከተል ይችላል። ባትሪ የለው፣ ኔትወርክ አይጠይቅ። ከዚህ በላይ ስማርት ምን አለ? ሆኖም የተዳረሰው ሊዳረስ ከሚገባው በታች ነው። ዲጂታል ስላልሆነ የሚያጨበጭብለት አጣ።

ከቡራዩ ወደ ሆለታ ደግሞ ቀይ አፈር አለ። የብዙው ችግር አሲዳማነት ነው። ከአገሪቱ የሚታረስ መሬት 40 በመቶ ያህሉ ይህ ችግር እንዳለበት በተደጋጋሚ ተገልጿል። አፈሩ በጣም አሲዳማ ሲሆን አልሙኒየም ይሟሟና ሥር ይመርዛል፤ የተጨመረውን ፎስፎረስም ቆልፎ ይይዘዋል። እዚህ ማሳ ላይ ማዳበሪያ መጨመር በተዘጋ በር ላይ እንግዳ መላክ ነው። በሩን የሚከፍተው ኖራ ነው። የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ይህን ለዓመታት ሲያሳይ ኖሯል።

ችግሩ ክብደቱ ነው። ማዳበሪያ በሄክታር ሁለት ኩንታል ከሆነ ኖራ አንዳንድ ጊዜ 20፣ 30 ኩንታል ይጠይቃል። ማጓጓዣው ከዋጋው ይብሳል። ጥቅሙ ደግሞ በአንድ መኸር አያልቅም፤ ለዓመታት ይቆያል። ወጪው ዛሬ፣ ትርፉ በየዓመቱ እየቆየ የሚመጣ።

እንግዲህ የጽሑፉ ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው።

🔹 ኖራ የሚበትነው ማን ነው?

አንድ በቡራዩ ዳርቻ የሚያርስ አባወራ ይታሰብ። የግብርና ባለሙያዋ መጥታ አፈሩን መርምራ «አባባ፣ ይህ ማሳ ኖራ ይፈልጋል። ዘንድሮ ቢበትኑበት ለአራት አምስት ዓመት ይጠቀሙበታል» ትለዋለች። እሱ ዓይኑን ወደ ማሳው ጫፍ ይወረውራል። የኮብልስቶን መንገድ ደርሷል፤ ከዚያ ማዶ የብሎኬት አጥር ተጀምሯል። «ልጄ፣ አራት ዓመት እዚህ የምኖር ይመስልሻል?» ቢላት ምን ትመልስለታለች?

ይህ ጥያቄ ከሜዳ አልመጣም። አዲስ አበባንና ዙሪያዋን አንድ ላይ ያቅድ የነበረው ማስተር ፕላን በ2006 ተቃውሞ ቀሰቀሰ። በ2008 ኅዳር ከጊንጪ የተነሳው ተቃውሞ ክልሉን አዳረሰ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ጥር ላይ ዕቅዱ መሰረዙ ተነገረ። የዚያ ሁሉ ቁጣ ሥሩ መሬት ነበር፤ «ከአያት ከቅድመ አያት ያረስነው ነገ የማን ይሆናል?» የሚል ሥጋት። በ2015 ደግሞ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ለገዳዲና ገላን በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለሉ። ትናንት ገጠር ቀበሌ የነበረ ዛሬ የከተማ ወረዳ ነው። ነዋሪው ግን ዛሬም ያርሳል።

ከተማ አይስፋ ማለት አይቻልም። ሕዝብ ይጨምራል፣ ቤት ያስፈልጋል፣ ፋብሪካ ያስፈልጋል። ነገር ግን ሰው ነገ በሚነሳበት መሬት ላይ ዛሬ ኖራ አይበትንም፤ ዛፍ አይተክልም፤ እርከን አይሠራም። የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው። አፈሩን እስከ መጨረሻው ጨምቆ ይወስዳል። እንዲህ ማድረጉ ጥፋት ሳይሆን ስሌት ነው። ዘላቂ ግብርና የሚባለው ነገር ዘላቂ ይዞታን አስቀድሞ ይጠይቃል።

የካሳ ሕጉም ከዚህ ጋር የሚገናኝ፣ ብዙ ሰው ልብ ያላለው ነጥብ አለው። ቀድሞ የነበረው አዋጅ ቁጥር 455/1997 ለተነሺው አርሶ አደር ያለፉትን አምስት ዓመታት አማካይ ገቢ በ10 አባዝቶ ነበር የሚያስከፍለው። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ሲመጣ ምትክ መሬት ለማያገኝ ተነሺ ባለፉት ሦስት ዓመታት ያገኘው ከፍተኛ ዓመታዊ ገቢ በ15 እንዲባዛ አደረገ። የተሻለ ነው። ግን ያን «ከፍተኛ ገቢ» ማን ያውቀዋል? አርሶ አደሩ ደረሰኝ የለውም። ምርቱን አልመዘገበም። የሚሠራው የወረዳው ግምት ነው።

ለምሳሌ አንድ ሰው በጥሩ ዓመት ከአንድ ሄክታር 20 ኩንታል ጤፍ አገኘ። በግምት ሰንጠረዡ ግን 14 ተብሎ ተጻፈ። ልዩነቱ 6 ኩንታል ነው። በ15 ሲባዛ የ90 ኩንታል ጤፍ ዋጋ በወረቀት ስህተት ቀረ ማለት ነው። በዛሬው የጤፍ ገበያ ይህ የአንድ ቤተሰብን ዕጣ የሚወስን ገንዘብ ነው።

ስማርት ግብርና ለነዚህ ከተሞች አርሶ አደር ትርጉም የሚኖረው ከዚህ ቢጀምር ነው። የማሳው ስፋት በትክክል ተለክቶ፣ የወሰደው ግብዓት ከኅብረት ሥራ ማኅበሩ መዝገብ ጋር ተያይዞ፣ የሰበሰበው ምርት በየዓመቱ ተመዝኖ በስልኩ ቢቀመጥለት ለማዳበሪያ ምክርም ያገለግላል፣ ለብድርም ያገለግላል፣ መነሳት ግድ ሆኖ ሲመጣ ደግሞ ማስረጃ ይሆነዋል። መረጃውን የሚሰጥበት ምክንያት ያገኛል።

ግን መረጃ ሁለት ስለት ያለው ቢላ ነው። «የትኛው ማሳ ደካማ ነው?» የሚለው ካርታ ለምክርም ይሆናል፣ «የቱን እንውሰድ?» ለሚልም ይሆናል። አርሶ አደሩ ይህን አይጠረጥርም ብሎ የሚያስብ አያውቀውም። በ2016 የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። የማሳ መረጃ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ለሌላ ዓላማ እንዳይውል ይህ ሕግ እስከ ቀበሌ ወርዶ ካልሠራ፣ መተግበሪያው የቱንም ያህል ቢያምር ትክክለኛ ቁጥር የሚሞላበት አይገኝም።

🔹 ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ

ስለ ውሃም ጥቂት። «ጠብታ መስኖ ውሃ ይቆጥባል» ይባላል። በአንድ ተክል ደረጃ እውነት ነው። በሌሎች አገሮች የታየው ግን ይህ ነው፤ የተቆጠበው ውሃ ወደ ከርሰ ምድር አይመለስም፣ ተጨማሪ መሬት ይለማበታል፣ አንዳንዴም ጭራሽ የበለጠ ይቀዳል። ጉድጓዱ ላይ ቆጣሪና ገደብ ከሌለ ጠብታ መስኖ ባለቤቱን ይጠቅም ይሆናል እንጂ የጎረቤቱን ጉድጓድ አያድንም። በነዚህ ከተሞች የአበባ እርሻው፣ የውሃ ፋብሪካው፣ የመኖሪያ ሠፈሩና አርሶ አደሩ የሚቀዱት ከአንድ ማድጋ ነው። ማን ስንት እንደቀዳ በይፋ ቢታወቅ ከመቶ ሴንሰር በላይ ይሠራል።

ጥራቱም አለ። ትንሹ አቃቂ ከቡራዩ በኩል ንጹሕ ሆኖ ይነሳል። አዲስ አበባን አቋርጦ ሲወጣ የፋብሪካና የመጸዳጃ ፍሳሽ ይዞ ነው፤ ብዙ ጥናቶች ክሮሚየምን የመሰሉ ከባድ ብረቶች አግኝተውበታል። በዚያው ውሃ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ይለማል፤ ተመልሶም የአዲስ አበባ ገበታ ላይ ይቀርባል። እዚህ ቦታ አርሶ አደሩ የሚያስፈልገው «መቼ ላጠጣ» የሚለውን የሚነግር ሳይሆን «ይህ ውሃ ለጎመን ይሆናል ወይስ አይሆንም» የሚለውን የሚነግር መሣሪያ ነው። ውጤቱ ከሁሉ በፊት ሊደርስ የሚገባው ደግሞ ለአርሶ አደሩ ሳይሆን ፍሳሹን ለሚለቀው ነው።

🔹 ታዲያ ምን ይደረግ?

በመጀመሪያ ሸገር ከተማ የሚታረሰውን መሬቱን በካርታ ለይቶ «ይህ እስከዚህ ዓመት እርሻ ሆኖ ይቆያል» ብሎ በይፋ ያውጅ። ለ10፣ ለ15 ዓመት የተጠበቀ ማሳ ላይ ሰው ኖራ ይበትናል። የሚነሳውም ቢሆን ቀኑን አስቀድሞ ይወቅ።

ቀጥሎ ገንዘቡ ወደ አሰልቺው ሥራ ይሂድ። የአፈር ምርመራ፣ የኖራ ማጓጓዣ፣ የዋልካ ማጠንፈፊያ ማረሻ፣ ማዳበሪያ ከዝናቡ ቀድሞ ማድረስ። ማዳበሪያው ሐምሌ አጋማሽ ላይ ከደረሰ በግንቦት የተላከው የስልክ ምክር መሳለቂያ ነው።

የግብርና ባለሙያውም አይዘንጋ። በዋግ ማስጠንቀቂያው ሥርዓት ውስጥ ያለው ኮምፒውተር የሚሠራው ማሳ ዞሮ የሚያይ ሰው ስላለ ነው። የባለሙያው የሞተር ብስክሌት ቤንዚን ከተቋረጠ ሳተላይቱ ብቻውን የትም አይደርስም።

ከሁሉ በላይ ደግሞ አርሶ አደሩ መረጃውን ሲሰጥ የሚያገኘው ነገር ይኑር፤ ብድር፣ ትክክለኛ ካሳ፣ ወቅቱን የጠበቀ ምክር። ሳይሰጡት ብቻ የሚጠይቁትን ሰው ዝም ብሎ ይሸኘዋል።

አዲስ አበባ ከሱሉልታ ሜዳ የሚመጣውን ድርቆሽ፣ ወተትና ገብስ፣ ከሰበታ በኩል የሚገባውን ጤፍና ሽምብራ ትፈልጋለች። እነዚህን የሚያመርተው ሰው ደግሞ ስማርት ነው፤ ቀድሞም ነበር። ዘንድሮ ኖራ የማይበትነው ሳያውቅ ቀርቶ ሳይሆን አውቆ ነው። እሱ ለዘላቂነት እምቢ ያለ የሚመስለው፣ ዘላቂነት ለሱ እምቢ ስላለው ነው። መሬቱ እንደሚቆይለት ማረጋገጫ የሰጠው ቀን የሚቀጥለውን ሥራ ማንም ሳይነግረው ይጀምረዋል።

ቸር ይግጠም።